መስመሩ በላዩ ለሚያልፈው ሰው ያለብን ዕዳ

(ደብረ ብርሃን ላይ ለተማሪዎች፣ ለአካባቢው አርሶ አደሮችና ለኃይል ዘርፍ ባለሙያዎች ከቀረበ ንግግር ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ተማሪዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «የኃይል ኩባንያዎች ማኅበራዊ ኃላፊነትና ዘላቂ ልማት» የሚል ነው። ርዕሱ ሰፊ ቢሆንም ይዤ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ፣ የሚያስተላልፍ ወይም የሚሸጥ ድርጅት ኃላፊነቱን መወጣት አለመወጣቱ የሚታወቀው ዋና ሥራውን ሲሠራ ነው። ትምህርት ቤት ማሠራቱ፣ ጉድጓድ ማስቆፈሩ፣ ለበዓል በግ ገዝቶ ለአቅመ ደካሞች ማከፋፈሉ መልካም ነው፤ ተቀባዩም እግዜር ይስጥልኝ ይላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚመጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ ዕዳ ይከፈላል፣ ከዚያ ስጦታ ይሰጣል።

ህንድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው የኩባንያዎች ሕግ ትልልቅ ድርጅቶች ካለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ የተጣራ ትርፋቸው ቢያንስ 2 ከመቶውን ለማኅበራዊ ሥራ እንዲያውሉ ደንግጋለች። ሕጉን አልነቅፍም። በዚሁ ምክንያት ብዙ ገንዘብ ወደ ትምህርትና ጤና ሄዷል። የምፈራው ግን ስለ 2ቱ ስንነጋገር ስለ 98ቱ መጠየቅ እንዳንረሳ ነው። ያ ትርፍ ሲገኝ የማን ማሳ ተቆረሰ? ካሳው ከመኸር በፊት ተከፈለ ወይስ ከሁለት ክረምት በኋላ? ምሰሶ ላይ ሳለ አደጋ የደረሰበትን የኮንትራት ሠራተኛ ማን አሳከመው? የግንባታው መኪና ያፈረሰውን የእግረኛ መንገድ ማን መለሰው? ኃላፊነት የምለው እዚያ ውስጥ ያለውን ነው።

ይህን ሳላውቅ በሐሳብ ብቻ የምናገረው አይደለም፤ ዓለም ያየው ምሳሌ አለ። በናይጄሪያ የኒጀር ዴልታ፣ የኦጎኒ ሕዝብ በሚኖርበት አገር፣ ለብዙ ዓመት ነዳጅ ሲወጣ ነበር። የነዳጅ ኩባንያዎች በዴልታው ክሊኒክም ትምህርት ቤትም ሠርተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናቱን ሲያወጣ ግን፣ ኒሲሲኦከን ኦጋሌ በተባለ ቦታ ሰዎች ከሚጠጡት የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ቤንዚን (benzene፣ ለመኪና የሚቀዳው ነዳጅ ሳይሆን) የሚባለው ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ልክ ከ900 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። አካባቢውን አጽድቶ ለመመለስ ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊወስድ እንደሚችልም ጥናቱ ተናገረ። ስለዚህ ምድር የጮኸው ደራሲ ኬን ሳሮ ዊዋ ከስምንት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 1995 በወታደራዊው መንግሥት ተሰቅሎ ሞቷል። እናት ልጇን ወስዳ የምታሳክምበት ክሊኒክ ቢኖራት፣ ልጁን የሚያሳምመው ውኃ ከዚያው ከኩባንያው ሥራ የመጣ ከሆነ፣ ያ ክሊኒክ ምን ይባላል? መልሱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

አርአያ ለመፈለግ ግን ባሕር መሻገር አያሻንም። መንዝ እዚሁ ነው። የመንዝ ጓሳን አይታችሁት ታውቃላችሁ፤ ያላያችሁ ተማሪዎች ሂዱና እዩት። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ የሳር ምድር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል፤ ብዙ ምንጮችና ወንዞች ይነሡበታል። አስቦና ጌራ ከተባሉት አቅኚ አባቶች የሚወለደው ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ጠብቆ አቆይቶታል። ጓሳው ሲዘጋ ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። ሳሩ ለክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ እስኪደርስ ድረስ ማንም ማጭድ አያነሣም ነበር። የሚከፈትበትን ቀን የሚወስነው ሕዝቡ የመረጠው ቀሮ ነበር፤ ከተፈቀደው ቀን ውጭ የገባ ይቀጣ ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ በሉልኝ የምላችሁ ነገር አለ። ደንቡን ያወጣው ሳሩን የሚያጭደው ሰው ራሱ ነው። ደንቡ ከማጭዱ በፊት ነበረ። ቅጣትም ነበረው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ የርስት ሥርዓቱ ቀረ፣ ቀሮም ሥልጣኑን አጣ፣ ጓሳውም ተጎዳ። መልሶ ያንሠራራው የአካባቢው ሰው በኮሚቴ ተደራጅቶ ደንቡን ዳግም ሲያቆም ነው። በስብሰባ ላይ አበል ተቀብሎ የሚያጨበጭብ ሕዝብ መሬቱን አይጠብቅም። መሬቱን የሚጠብቀው «አይሆንም» ማለት የሚችል ሕዝብ ነው። የኃይል ኩባንያዎች «ማኅበረሰቡን አወያይተናል» ሲሉ የምጠይቃቸው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ሰዎቹ አይሆንም ቢሉ ኖሮ ምን ይቀየር ነበር? የመስመሩ አቅጣጫ አንድ ሜትር እንኳ ይዞር ነበር?

ሕጋችን በዚህ ነገር ድሃ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 ሕዝብ በሚመለከተው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ዕቅድም ሆነ አፈጻጸም ላይ ሙሉ ምክክር የማድረግና ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው በቂ ካሳ ወይም ሌላ አማራጭ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዝዛል። ግን እስቲ እንነጋገር፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ሦስት መቶ ገጽ የሚሞላ ሰነድ በአዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ለሚኖር ገበሬ ክፍት ነው ይባላል? ክፍት የሚሆነው ዋናው ፍሬ ሐሳብ በአማርኛ ተጽፎ፣ የመስመሩ ካርታ የጎጥ ስም ተጽፎበት፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍና ማንበብ ለማይችል ሲነበብለት ነው። ይህ ለአንድ ኩባንያ ብዙ ወጪ አይደለም፤ የጥቂት ሰዎች የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው።

አሁን ወደ መስመሩ ልምጣ። በማሳችሁ ላይ ከፍተኛ መስመር አልፎ ማታ በኩራዝ የምታመሹ አላችሁ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ይኸው ነው። ለዚህ ቴክኒካዊ ምክንያት አለው፤ በቀጥታ ልንገራችሁ። በ132፣ በ230 ወይም በ400 ኪሎ ቮልት የሚጓዝ መስመር ላይ ሽቦ ቀጥሎ ቤት ማስገባት አይቻልም። በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም ወደ 15 ኪሎ ቮልት፣ ከዚያም በሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት መውረድ አለበት። ማከፋፈያ ጣቢያ ደግሞ ውድ ነው። በላዩ ላይ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ማመንጨትና ማስተላለፍ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማዳረስ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ሆኖ ተከፍሏል። ለአርሶ አደሩ ግን ሁለቱም «መብራት ኃይል» ናቸው፤ እንዲህ ብሎ ማሰቡም ትክክል ነው። የሁለት መሥሪያ ቤት ድንበር የእሱ ችግር መሆን የለበትም። የታላቁ ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሆኖ ነው። ለእሱ ቦንድ የገዛ፣ ከደመወዙ ያዋጣ፣ በሬ ሸጦ የሰጠ ሕዝብ «መቼ ይደርሰኛል?» ሲል የሚጠይቀው ስለ ራሱ ንብረት ነው።

እንግዲህ ኃላፊነት የሚሰማው የኃይል ድርጅት ይህን ጥያቄ ችካል ከመትከሉ በፊት ይመልሳል። መስመሩ የሚያልፍባቸው ቀበሌዎች የትኞቹ በየትኛው ዓመት ከዋናው መረብ ይገናኛሉ፣ የትኞቹ በፀሐይ ኃይል ይዳረሳሉ፣ ይህ ከፕሮጀክቱ በጀት ጋር አብሮ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከለሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 ከሕዝቡ 65 ከመቶውን በዋናው መረብ፣ 35 ከመቶውን ከመረብ ውጭ በሆነ ኃይል ለማዳረስ አስቦ ነበር። ጊዜው አልፏል፤ ሥራው አላለቀም። ፀሐይ የሚደርሰው ሰው እንደ ሁለተኛ ዜጋ እንዳይቆጠር የሚያደርገው ደግሞ ጥገናው ነው። ባትሪው ሲሞት የሚቀይርለት ሰው በአቅራቢያው ከሌለ፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ወደ ኩራዙ ይመለሳል፤ አሮጌው የእርሳስ ባትሪም ጓሮ ውስጥ ተጥሎ አፈሩን ይመርዛል።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ነገር ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፤ እናቶቼ በደንብ ታውቁታላችሁ። የኩበት ነገር ነው።

በባሶና ወራና፣ በአንጎለላ፣ በመንዝ ደጋ እንጨት ብርቅ ነው። ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው። እበቱ ከበረት ይለቀማል፣ ይጋገራል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል፤ ይህን ሁሉ የምትሠራው ሴት ናት። ያ እበት ማሳ ላይ ቢወድቅ የገብሱና የስንዴው ማዳበሪያ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ እንጀራ ሲጋገር ከሚቀጥለው ዓመት አዝመራ ላይ ጥቂት እየተነሣለት ነው። ጭሱ ደግሞ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ገምቷል። በጭሱ መሀል ተቀምጣ የምትጋግረው እናት ጀርባ ላይ ያለው ሕፃንም ያንኑ አየር ይተነፍሳል።

እዚህ ላይ የኃይል ድርጅት «ይህ የጤና ቢሮ ጉዳይ ነው» ሊል አይችልም። ዋና ሥራው ይሄ ነው። ሆኖም ስንት ቤት ቆጣሪ ገባለት ተብሎ ይቆጠራል እንጂ ስንቱ ቤት በኤሌክትሪክ ይጋግራል ተብሎ ሲቆጠር አልሰማም። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። አንድ ቆጣቢ አምፖል 10 ዋት ይበላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ የ350 አምፖል ያህል ማለት ነው። ለሰፈር የሚተከል ባለ 50 ኪሎ ቮልት አምፔር (50,000 ዋት ያህል የሚሸከም) ትራንስፎርመር ቢበዛ 14 ምጣድ በአንድ ጊዜ ይሸከማል። ለዚህ ነው በበዓል ዋዜማ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ ፊውዙ የሚቃጠለው፣ ሰፈሩም ጨለማ ውስጥ የሚያመሸው። ትራንስፎርመሩ የተመረጠው ለአምፖል ታስቦ እንጂ ለእንጀራ ታስቦ አልነበረም። ዕቅዱ ሲሠራ አንዲት እናት ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንን ነበር።

ምን ይደረግ? ትራንስፎርመር ሲመረጥ ምጣድ ይቆጠር። ሙቀት የማያባክን፣ ከሥሩና ከጎኑ በደንብ የታሸገ ምጣድ የሚሠሩ ወጣቶች በየከተማው ይደገፉ፤ ቴክኒክና ሙያ ተቋማት ያሉት ለዚህ ነው። ዕድርና ጎረቤት የመጋገሪያ ተራ ቢያወጣ፣ ድርጅቱም ለዚያ ሰዓት ኃይል እንደማያቋርጥ ቃል ገብቶ ቢጠብቅ፣ አሁን ባለው ዕቃ እንኳ ብዙ ሰው ከጭስ ይወጣል። ለደሃ ቤተሰብ ምጣዱን በትንሽ በትንሹ የሚከፈል ማድረግ ይቻላል፤ ለዚህ ከሚመረቅ ሕንፃ ያነሰ ገንዘብ ይበቃል።

ስለ መሬትና ካሳም ማለፍ አልችልም። ቀደም ሲል በነበረው አዋጅ 455/1997 ምትክ መሬት ላልተገኘለት ገበሬ የሚሰላው ካሳ ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር፤ በአዋጅ 1161/2011 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ ተደረገ። ትልቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን በእኛ ደጋ ባህር ዛፍ የገበሬው ባንክ ነው። ተቆርጦ ከጉቶው ደጋግሞ ያቆጠቁጣል፤ ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም፣ ቤት ሲሠራ የሚወጣው ከእሱ ነው። ከፍተኛ መስመር በላዩ ሲያልፍ ዛፉ ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላም እዚያ ቦታ ላይ ረጅም ዛፍ መትከል ይከለከላል። ገማቹ የቆመውን ግንድ ብቻ ቆጥሮ ከሄደ፣ ሳይቆጠር የቀረው ገና ያላቆጠቆጠው ነው። ኩባንያው ሕጉ የሚያስገድደውን አነስተኛ መጠን ከፍሎ ማረፍ ይችላል። በራሱ ፈቃድ ጉቶውን ቢቆጥር ግን ያ ከአሥር የበግ ስጦታ ይበልጣል። ባሏ የሞተባት ሴት በይዞታ ደብተሩ ላይ ስሟ መኖሩን ከክፍያው በፊት ማጣራትም እንዲሁ።

ወደ ደብረ ሲናና ወደ አርማንያ የሚወርደውን ገደላማ አገር ለምታውቁ አንድ ነገር ልጨምር። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ይዛባ ወይን ላይ መሬቱ ተንሸራቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። በእንዲህ ያለ ቦታ ምሰሶ ሲተከል የአፈር ምርመራ ማድረግ ግድ ነው፤ ግን ክረምት ላይ ውኃ የሚፈልቀው የት እንደሆነ፣ የትኛው ተረተር በአባቶች ዘመን እንደተናደ የሚያውቁት የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱን መጠየቅ የማኅበራዊ ኃላፊነት ክፍል ሥራ ተብሎ ለብቻው አይቀመጥ፤ የመሐንዲሱ ሥራ ነው።

ጣርማ በር ላይ ቆሞ ያለፈ ሰው ስለ ነፋስ አስተማሪ አያሻውም። አገራችን የነፋስ ኃይል ጀምራለች፤ የአዳማው አንደኛ እ.ኤ.አ. በ2012 በ51 ሜጋ ዋት፣ አሸጎዳ በ2013 በ120፣ የአዳማው ሁለተኛ በ2015 በ153 ሜጋ ዋት። የሸዋ ደጋም ተራው ሲደርስ እንዴት ብለን እንደምንቀበለው አሁኑኑ ማሰብ አለብን። ጎረቤታችን ኬንያ በቱርካና ሐይቅ አቅራቢያ 365 ተርባይን ተክላ 310 ሜጋ ዋት ታመነጫለች። ተርባይኖቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ተተክለው ካለቁ በኋላ ማስተላለፊያ መስመሩ ባለመድረሱ እስከ 2018 ድረስ ሥራ ፈትተው ቆመዋል። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ድርጅት ለአካባቢው የመማሪያ ክፍል፣ የጤናና የውኃ ሥራ የሚሠራ ፋውንዴሽን አለው። ቢሆንም አርብቶ አደሮቹ በ2014 ከሰሱ፤ በ2021 ሜሩ የሚገኘው የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት የመሬት ይዞታው የተሰጠበት መንገድ ሕግን ያልተከተለ ነው ብሎ ፈረደ። ፋውንዴሽን መኖሩ መጀመሪያ ላይ ያልተጠየቀውን ጥያቄ አላስቀረውም።

ሌላ መንገድ አለ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ አዲስ የነፋስ ኃይል የሚተክል ድርጅት ቢያንስ 20 ከመቶ ድርሻውን መጀመሪያ በ4.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች በግዢ እንዲያቀርብ ታስገድድ ነበር። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 በጀመረችው የታዳሽ ኃይል ጨረታ ከእያንዳንዱ ፕሮጀክት ቢያንስ 2.5 ከመቶው የአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲሆን ጠይቃለች። የእኛ ገበሬ አክሲዮን የሚገዛበት ገንዘብ የለው ይሆናል። መሬቱ ግን አለው። በመሬቱ ድርሻ ቢያገኝ፣ ወይም ከሚሸጠው እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ላይ በየዓመቱ ለቀበሌው ማኅበር የሚገባ ትንሽ ክፍያ ቢኖር፣ ተርባይኑ ሲሽከረከር የሚያየው ሰው የእሱም እንደሆነ ያውቃል፤ ብሎን ሲፈታ የሚያየውን ሌባም ራሱ ይይዘዋል።

ጊዜዬ እያለቀ ስለሆነ ሌላውን በአጭሩ። ከአሮጌ ትራንስፎርመሮች የሚወጣ ዘይት ፒሲቢ የሚባል በሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ የሚቀር መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት የከለከለው ነው። መሬት ላይ አይደፋ፣ ለማንም ለሌላ አገልግሎት አይሰጥ። ችግኝ የሚተክሉ ድርጅቶች የተተከለውን ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ የጸደቀውን ቆጥረው ይንገሩን። በንዑስ ተቋራጭ በኩል ለሚቀጠሩ፣ ምሰሶ ላይ ለሚወጡ ሠራተኞች የደኅንነት ቀበቶና ጓንት ከቋሚ ሠራተኞች እኩል ይሰጣቸው፤ የሞተና የተጎዳ ሰው ቁጥርም በዓመታዊ ሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ይውጣ።

ከኩባንያ ለመጣችሁ ባልደረቦቼ ዛሬ የምለምነው ነገር ቀላል ነው። በምትሠሩባቸው ቀበሌዎች ሁሉ አንድ የቅሬታ መዝገብ አስቀምጡ። ቅሬታው የቀረበበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀንና የተሰጠው መልስ ይጻፍበት። በየሦስት ወሩ ገጹ ተገልብጦ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከጎኑም በዚያ ሦስት ወር ኃይል የተቋረጠበት ሰዓት፣ የተበላሸ ትራንስፎርመር እስኪጠገን የወሰደው ቀን፣ ተገምቶ ያልተከፈለ ካሳ መጠን ይኑር። ከቻላችሁ ከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ጀምሩት። ተማሪዎች ደግሞ ለመመረቂያ ጥናታችሁ ርዕስ ስትፈልጉ ሄዳችሁ እነዚያን ገጾች አንብቡ፣ ቁጥሩን ከገበሬው ቃል ጋር አስተያዩት።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው። ጥያቄና አስተያየት ከኋላ ከተቀመጡት እናቶች እንጀምር፤ ማይክራፎኑን ወደዚያ አድርሱልኝ።